ግማሹ ሲሸፈን የቀረው ሦስት ቀን ነው፦ በዓሣ ኩሬ ላይ የሚዛመቱ አረሞችን መለየትና መቆጣጠር

ባሕር ዳር፦ በጓሮ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ የተጨመሩት የቆሮሶ ጫጩቶች የጣት ያህል አድገው፣ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ምርት በልቡ ማስላት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይታያሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ተመልሰው ይረጋጋሉ። ባለቤቱም ርቧቸው ነው ብሎ ፍሩሽካ ይጨምርላቸዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ማለዳ ግን ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ በሽታ ነው፣ መርዝ ተጨምሮበት ነው፣ ዓይን ነው የሚል ሁሉ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ለሳምንታት በውሃው ላይ ሲሰፋ ከቆየውና ማንም ከቁም ነገር ካልቆጠረው አረንጓዴ ምንጣፍ ነው።

በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዕንቁላል፣ ከዶሮ ሥጋና ከማር ጋር ዓሣንም ወደ ቤተሰብ ማዕድ ለማምጣት ያለመ በመሆኑ፣ በገጠርም በከተማም ኩሬ የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። ስለ ጫጩት አገኛኘት፣ ስለ መኖና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። ሳይዘሩት ስለሚበቅለው የውሃ አረም የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በእርሻ ማሳ ላይ አረምን ከቡቃያው የሚለይ አርሶ አደር በኩሬው ዳር ሲቆም ሁሉም አረንጓዴ አንድ ይመስለዋል። ችግሩ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አረንጓዴ ውሃ ሁሉ የታመመ ውሃ አለመሆኑ ነው። በፍግ የለማ ኩሬ ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ቢሆን፣ ቀለሙን የሚሰጡት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ናቸው። ባለሙያዎች ፕላንክተን ይሏቸዋል። ለቆሮሶ እነዚህ ግጦሽ ናቸው፤ ቀን ቀንም ለውሃው ኦክስጅን ያመርታሉ። ውሃው ቆሸሸ ብሎ ኩሬውን ያፈሰሰ ሰው የዓሦቹን ሳር አጭዶ እንደጣለ ይቆጠራል። መለኪያው ምንም ወጪ የለውም። ክንድን ቀጥ አድርጎ መዳፍን ዘርግቶ ወደ ውሃው ማስገባት ነው። ውሃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ ልማቱ ልክ ነው። ገና ውሃው ከእጅ አንጓ ጥቂት ከፍ ሲል መዳፍ ከጠፋ ውሃው ከመጠን በላይ ስለለማ ፍግ መጨመር መቆም አለበት። ውሃው ክርንን አልፎም መዳፍ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርሳል ማለት ነውና ከጭቃው ሥር ሰድደው ለሚነሱ አረሞች መንገዱ ክፍት ነው።

ከዚህ የፕላንክተን አረንጓዴነት ውጪ ያለውን በእጅ አንስቶ ማየት ያስፈልጋል። ከርቀት ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ምንጣፍ በመዳፍ ላይ ሲዘረጋ ማንነቱ ይለያል። ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ፣ ከሥሯ ፀጉር የመሰለች አንዲት ሥር የተንጠለጠለባት ቅጠል ከሆነች ዳክዬዎች የሚወዷት ደቃቅ ተንሳፋፊ አረም ናት። ዘር አፍርታ እስክትበስል አትጠብቅም፤ ከጎኗ ልጅ ታበቅላለች፣ ልጇም ተገንጥላ ሌላ ታበቅላለች። አየሩ ሲሞቅና ውሃው ሲለማ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ እጥፍ ትሆናለች።

ቅጠሉ እንደ ጽድ ቅጠል የተደራረቡ ቅርፊቶች ያሉት፣ ሲነኩት ሻካራ፣ ብርድ ወይም ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ቀይ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ አዞላ ነው። አዞላ በቅጠሉ ውስጥ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዝ ረቂቅ ተሕዋስ አብሮት ስለሚኖር በድሃ ውሃ ላይ እንኳ ይስፋፋል። ለዶሮና ለከብት መኖ ሆን ብለው የሚያለሙት ሰዎች ስላሉ አረም ብሎ መጥራቱ የሚያከራክር ነው። ለመኖ የሚፈለግ አዞላ በላስቲክ በተነጠፈ በራሱ ገንዳ ውስጥ ሊያዝ ይገባል። በዓሣ ኩሬ ላይ ለቅቆት “ሁለቱንም አገኛለሁ” ያለ ሰው ሳያጭደው አሥር ቀን ከዘገየ የሚያገኘው አንዱን ብቻ ነው።

ሰላጣ የሚመስል፣ ቅጠሉ እንደ ከፈይ በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነና ውሃ ሲፈስበት የማይርስ ተንሳፋፊ አረምም አለ። እሱን ከእምቦጭ ጋር የሚያምታቱት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እምቦጭ የቅጠሉ ግንድ በአየር ተሞልቶ ያበጠ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይላል፤ አበባው ወይን ጠጅና ዓይን የሚስብ፣ ሥሩም ጠቁሮ እንደ ላባ የተንዠረገገ ነው። ውበቱ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ከደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አህጉራት የተጓዘው በአብዛኛው ለኩሬና ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ነበር። በኢትዮጵያ በ1965 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በ2011፣ በዚያው አቆጣጠር፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ መገኘቱ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ አርሶ አደሮች ወገባቸው እስኪንቀጠቀጥ ውሃ ውስጥ ቆመው ሲያርሙት ስለኖሩ ከማንም የተሻለ ያውቁታል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከ15 ዓመት በላይ የመብቀል ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም በጓሮ ኩሬ ላይ አንዲት እምቦጭ መታየቷ የባለኩሬው ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ኩሬው በክረምት ሞልቶ ወደ ጅረት የሚፈስ ከሆነ ጉዳዩ የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ሁሉ ነው። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ የዚያኑ ቀን ሊነገር ይገባል።

እንደ ረጠበ የበግ ፀጉር የሚጎተተው ዝልግልግ ነገር ሌላ ነው፤ ጭረት መሰል አልጌ ይባላል። ከወለሉ ይነሣና በውስጡ የአየር አረፋ ሲይዝ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በእንጨት ሲያነሡት ተንጠልጥሎ ይወጣል። በእንጨት ተነሥቶ የማይንጠለጠል፣ ይልቁንም እንጨቱን እንደ ቀለም የሚቀባ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀመስ ስልባቦት ከታየ ግን ጥንቃቄው ይለያል። ይህ ሰማያዊ አረንጓዴ ተብሎ የሚጠራው ተሕዋስ ሲሆን፣ አንዳንዱ ዝርያው መርዝ ያመነጫል። ከብትም ሆነ ውሻ ከዚያ ውሃ እንዳይጠጣ፣ ሕፃናትም እንዳይዋኙበት ማድረግ ያስፈልጋል። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው በእጁ ጓንት አድርጎ ከውሃው በጠርሙስ ቀድቶ፣ ሳይነቀንቀው ያሳድረው፤ ጠዋት አረንጓዴው ተሰብስቦ ከላይ ከተንሳፈፈ ጥርጣሬው ትልቅ ነው።

አረሙ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን ያህል ጊዜ አለ የሚለው ነው። ስሌቱን በአንድ ኩሬ ላይ መሥራት ይቻላል። ኩሬው 100 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ ዛሬ 1 ካሬ ሜትሩን ደቃቁ ተንሳፋፊ አረም ይዞታል፤ በየሦስት ቀኑም እጥፍ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን 2፣ በስድስተኛው 4፣ በዘጠነኛው 8፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያየው ሰው ሁሉ “ገና ነው” ይላል፤ ከኩሬው ስድስት እጅ አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። በአሥራ አምስተኛው ቀን 32፣ በአሥራ ስምንተኛው 64 ይደርሳል። በሃያ አንደኛው ቀን የሚታይ ውሃ የለም። ባለቤቱ ግማሹ ሲሸፈን መደንገጥ ከጀመረ የቀረው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። አንድ ሰው በወንፊት በአንድ ሰዓት የሚያወጣውን አረም ለሁለት ሳምንት ካሳደረው አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክምበት ሥራ ይሆናል።

ዓሦቹ ለምን ማለዳ ላይ እንደሚሞቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቀን ቀን በውሃው ውስጥ ያሉት ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ኦክስጅን ያመርታሉ። ሲመሽ ማምረቱ ይቆምና ዓሣው፣ ዕፅዋቱ፣ በወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ቅጠልና ፍግ ሁሉም አብረው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅን የሚያንሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ምንጣፉ በዚህ ላይ ሦስት ጉዳት ይጨምራል። በሥሩ ያሉትን ደቃቅ ዕፅዋት ብርሃን ይነሳቸዋል፤ ነፋስ ውሃውን እንዳያናውጥና አየር እንዳይገባበት ይከለክላል፤ ሲሞትም መበስበሱ የቀረውን ኦክስጅን ይበላል። ደመና ለቀናት በሚያረብበት በሐምሌና በነሐሴ አደጋው ይከፋል።

ቆሮሶና አምባዛ አብረው በሚኖሩበት ኩሬ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው አካል ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ይችላል። ስለዚህ ቆሮሶው አልቆ አምባዛው ደኅና ከሆነ መርዝን ከመጠርጠር በፊት የኦክስጅን እጥረትን መጠርጠር ይሻላል። መርዝ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አይምርም።

ዓሦች በማለዳ አፋቸውን ሲከፍቱ በታዩ ጊዜ መኖና ፍግ ወዲያውኑ ይቆማል። ንጹሕ ውሃ ከተገኘ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ እንዲገባ ይደረጋል፤ ከተቦውም ውስጥ ውሃው ከአየር ጋር ሊቀላቀል ይችላልና ጅረት በሌለበት ቤተሰቡ ተሰልፎ በባልዲ ከራሱ ከኩሬው እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ቢያፈስሰው ጊዜ ይገዛል። ፀሐይ ወጥታ ዓሦቹ ሲረጋጉ ችግሩ ያለፈ ይመስላል፤ ያላለፈ መሆኑ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይታወቃል።

አረሙን የማውጣት ሥራ ጠዋት ነፋሱ ወደየት እንደሚገፋው ከማየት ይጀምራል። ነፋስ ተንሳፋፊውን ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ሁለት ሰዎች ከኩሬው ግራና ቀኝ ቆመው ረጅም ቀርከሃ ወይም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ የታሰረበት ገመድ በውሃው ገጽ ላይ ቢጎትቱ ቀሪውንም ወደዚያው ጥግ ያከማቹታል። ከዚያ በወንፊት ወይም ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ መረብ ይወጣል። ጭረት መሰሉ አልጌ ግን በመንሽ ወይም በቅርንጫፍ እየጠቀለሉ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ የሚፈጸም የተለመደ ስሕተት አለ፤ በማጭድ ወይም በዱላ ውሃው ውስጥ መቆራረጥ። ብዙዎቹ የውሃ አረሞች ከቁራጫቸው ስለሚያድጉ አንዱን አሥር ማድረግ ይሆናል። የተቆረጠው ሁሉ ባይወጣም ወለሉ ላይ ሰምጦ ይበሰብሳል። የወጣው አረም ከኩሬው ዳር አይቆለልም፤ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ተዳፋቱ ወደ ኩሬው በማያዘነብል ቦታ ላይ ተሰጥቶ ሊደርቅ ይገባል። ከወጣው ውስጥ ከ10 እጅ 9ኙ ውሃ ስለሆነ ክምሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሟሽሾ ሲታይ ይገርማል።

ከመጀመሪያው ዘመቻ በኋላ አንድም አይቀርም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ከዳር ሣር ሥር የተደበቁ ጥቂት ቅጠሎች ሁልጊዜ ይኖራሉ። በየሦስት ቀኑ ለሩብ ሰዓት በወንፊት መልቀም ይህን ይበቃዋል፤ ሥራውንም መኖ ከሚሰጥበት ሰዓት ጋር ማያያዝ እንዳይረሳ ያደርጋል።

መድኃኒት መርጨት ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። ለስንዴና ለጤፍ አረም የተገዛ ቱፎርዲ ወይም ሌላ ፀረ አረም ከቤት ጥግ ተቀምጦ እያለ እጅ ወደዚያው መሄዱ አይቀርም። በዓሣ ኩሬ ላይ ግን ሊደረግ የማይገባው ይኸው ነው። ለማሳ የተዘጋጁ ብዙ ኬሚካሎች በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ ሳይቀር ለዓሣ ጎጂ ነው፤ ዓሣው ቢተርፍ እንኳ አረሙ በአንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል፤ ከዚያ ኩሬ የወጣውን ዓሣ የሚበላውም የራስ ቤተሰብ ነው። የመርጫ መሣሪያን በኩሬው ወይም ወደ ኩሬው በሚወስደው ቦይ ውስጥ ማጠብም ከመርጨት የማይተናነስ ጥፋት ነው።

“ኬሚካል ካልሆነ የሀገር ዕፅ ይሁን” የሚሉም አሉ። ብርብራ በብዙ አካባቢዎች ለዓሣ ማጥመጃ ሲያገለግል የኖረው ዓሣውን አስክሮና ገድሎ በማንሳፈፉ ነው፤ ስለዚህ ለኩሬ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። የእንዶድ ነገር ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በአድዋ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ዕፁ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች የሚመገቡትና ዕንቁላላቸውን የሚለጥፉት በውሃ አረም ላይ በመሆኑ፣ በአረም የተሞላ ኩሬ ለቢልሃርዚያ ምቹ ነው። በዳር ዳሩ ያለው ሣርና አረምም የወባ ትንኝ እጭን ከዓሣ አፍ ይደብቀዋል። ይሁን እንጂ እንዶድ ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ስለሚገድል ዓሣ ባለበት ኩሬ ላይ አይጨመርም። አረሙን በእጅ ማውጣት የቀንድ አውጣውንም መጠለያ ያፈርሳል። ሥራው የሚሠራው ግን በባዶ እግር አይደለም፤ ቦት ጫማና ጓንት ያስፈልጋል፤ ቦት የሌለው ሰው ከዳር ሆኖ በረጅም እጀታ መሥራት አለበት።

በሕይወት ያሉ ረዳቶችስ? ቆሮሶ ደቃቁን ተንሳፋፊ አረምና አዞላን ይበላል፤ ነገር ግን አረሙ ከእሱ አፍ ቀድሞ ከበዛ አይደርስበትም። ዳክዬ ላለው ሰው ጥቂት ዳክዬዎችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መልቀቅ ይቻላል፤ የዓሣ ጫጩት ገና ደቃቅ ሳለ ግን ዳክዬ ጫጩቱንም ይለቅመዋል። እምቦጭን የሚመገቡ ጥንዚዛዎች በ1990ዎቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በቪክቶሪያ ሐይቅ ተለቅቀው አረሙን ለመቀነስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህ የመንግሥትና የተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ ውጤቱም ዓመታት ይወስዳል። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ የሰው እጅ ይቀድማል። ከሌላ አካባቢ ሣር በል ዓሣ አምጥቶ መጨመርም ያለ ባለሙያ ፈቃድ ሊሞከር አይገባም፤ ካመለጠ እሱ ራሱ ሌላ እምቦጭ ሊሆን ይችላል።

አረሙ የሚመጣበትን በር መዝጋት ከማረም ይቀላል። ዋናው በር ጀሪካን ነው። የዓሣ ጫጩት ከሐይቅ ወይም ከሌላ ኩሬ ሲመጣ ከነውሃው ይገለበጣል፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የአንዲት ቅጠል ቁራጭ ካለች ከላይ የተሠራው ስሌት የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው። ጫጩቶቹ ከአዲሱ ውሃ ሙቀት ጋር ቀስ ብለው ከተለማመዱ በኋላ በመረብ ተነሥተው ብቻቸውን ይገባሉ፤ የመጡበት ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋል። ከጎረቤት የተዋሰ መረብም እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሁለተኛው በር ጎርፍ ነው። ከላይ ካለ ማሳ ዩሪያና ሌላ ማዳበሪያ አጥቦ የሚመጣ ጎርፍ ዓሣውን ሳይሆን አረሙን ይቀልባል፤ ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ለዚህ ነው። ከብቶች ወደ ኩሬው ወርደው እንዳይጠጡ ማጠርም እንደዚሁ፤ በኮቴያቸው አረም፣ በፋንድያቸውም ማዳበሪያ ያስገባሉ።

ኩሬው ሲቆፈር ዳሩ ጥልቀት ቢሰጠው ሥር ሰዳጆቹ ፊላና ሣር ድካማቸው ይበዛል። ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዳር በተለይ ይወዳሉ። ቀድሞ የተቆፈረ ኩሬ ዓሣው ተለቅሞ ውሃው በሚፈስስበት ጊዜ ዳሩን ማጥለቅ፣ ደለሉን አውጥቶ ለጓሮ አትክልት ማዋል ይቻላል። ወለሉ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይመታዋል። አፈሩ አሲዳማ በሆነባቸው አካባቢዎች ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም የግብርና ኖራ መበተን የተለመደ ነው፤ መጠኑን የአካባቢውን አፈር የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክለዋል።

የወጣውን አረም በተመለከተ፣ አዞላና ደቃቁ ተንሳፋፊ አረም በንጹሕ ውሃ ታጥበው ለዶሮ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅለው ሊሰጡ ይችላሉ። አዞላ ውሃው ሲወጣለት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲን ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ወይም የኬሚካል እጣቢ ከሚገባበት ውሃ የወጣ ግን ለእንስሳ አይሰጥም። ሰማያዊ አረንጓዴ ስልባቦት የታየበት ኩሬ አረምም እንደዚሁ። ጭረት መሰሉ አልጌ ደርቆ ወደ ኮምፖስት ይገባል። እምቦጭ ከአበባና ከዘር በፊት የተነቀለ ከሆነ ደርቆ ሊበሰብስ ይችላል፤ አብቦ ከነበረ ግን ከውሃ በራቀ ቦታ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይቃጠላል። ለጌጥ ብሎ አበባውን በባልዲ ይዞ ወደ ከተማ ግቢ መውሰድ፣ ከዚያም የሰለቸውን ወደ ጎርፍ መውረጃ መጣል በሐይቅ ዳር ከተሞች አሁንም ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ያ መውረጃ የሚያበቃው ደግሞ ሐይቁ ላይ ነው።